የመምህር ታንጉት ቡና

እኔ ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኛል። ይኼን በግልጽ የምናገረው አሁን ነው፤ አምና ቢሆን «ኧረ እኔ ለምስጋና ግድ የለኝም» ብዬ ድርቅ እል ነበር።

ታንጉት እባላለሁ፤ ሀገሬ ደብረ ታቦር ነው። ቦንጋ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥዕል መምህር ሆኜ ስመደብ እናቴን «ሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብዬ አጽናንቻት ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። መስከረም በጠባ ቁጥር የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፤ ሰኔ በመጣ ቁጥር «ክፍት የሥራ መደብ ባለመኖሩ» የሚል ደብዳቤ እቀበላለሁ። ቤቴ ውስጥ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን የለም፤ ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ኸይሪያ «ታንጉትዬ፣ መጋረጃ እንኳ ስቀዪ እንጂ» ስትለኝ «ለስንት ቀን ብዬ ነው!» እላታለሁ።

የማስተምረው የሥዕል ትንተና ነው። ነገሩ ሲያወሩት ይከብዳል እንጂ ቀላል ነው፤ ሥዕል ፊት ቆሞ «ያምራል» ብሎ መሄድ አይቻልም፣ ለምን እንዳማረህ ንገረኝ ነው። ሥዕል የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ፤ መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ሸካራነትና ልስላሴ፣ ቦታ። እነዚህን አላባውያን እንላቸዋለን። ሠዓሊው እነሱን ያቀናጀበት መንገድ ደግሞ አለ፤ ሚዛን፣ ተቃርኖ፣ ምት፣ ትኩረት፣ አንድነት። እነዚህ መርሆዎች ይባላሉ። ለተማሪዎቼ ክሩ አላባ ነው፣ አሸማመኑ መርህ ነው እላቸዋለሁ።

ራሴ ያዘጋጀሁት አንድ ቅጽ አለኝ። ሦስት ክፍል አለው፤ «ያየሁት»፣ «እንዴት እንደተሠራ»፣ «ምን እንዳደረገኝ»። የመጀመሪያውን በቅጡ ሳይሞላ ዘልሎ ሦስተኛው ላይ ስለ ስሜቱ የሚያንበለብል ተማሪ ከመጣብኝ ወረቀቱን እመልስለታለሁ። እሱንም በቁጣ ነው። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፤ ኮሌጁ በሙሉ ያውቀኛል።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ቦንጋ አቅራቢያ ያለው የማንኪራ ጫካ ነው። በግራ አንድ ግዙፍ ዛፍ፣ በቀኝ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ቀፎ፣ ከፊት ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ የያዘ ቡና፣ ከኋላ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ። የሣልኩት እኔ ነኝ፤ በመጣሁበት ዓመት ሣልኩና ለኮሌጁ አበረከትኩት። ፊርማዬ ከጀርባው ነው። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት «ሠዓሊው ያልታወቀ» ትላለች፤ የለጠፍኳትም እኔው ነኝ።

ለምን አትሉም? በየዓመቱ የመጨረሻውን የትንተና ሥራ በዚያ ሥዕል ላይ ነበራ የማሠራው! ስሜን ካወቁ ያቆላምጡኛል፣ ካላወቁ ግን እውነቱን ይጽፋሉ ብዬ ነው። እነሱም ይጽፋሉ። «ሠዓሊው ሚዛንን የተካነ ታላቅ ባለሙያ ነው።» «የነጩና የቀዩ ተቃርኖ ልብ ይሰርቃል።» «መስመሮቹ ዓይንን በጥበብ ይመራሉ።» እኔም ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አንብቤ አንብቤ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። አሥራ ስምንት ከሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ ከሃያ። በየዓመቱ በያንዳንዱ ወረቀት ላይ ልብ ሲሰረቅ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ዘንድሮ ግንቦት መጀመሪያ ላይ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ መጣልኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል። ማስረጃና አንድ ሥዕል ላኩ ይላል፤ አንድ ብቻ፣ ዋናውን እንጂ ፎቶውን አንቀበልም፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት በር ይኼ ነበር፤ ሥዕሉ ደግሞ ተሠርቶ፣ ዘጠኝ ዓመት ተመስግኖ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቅሏል። ዲኑ «ያንቺው ሥራ አይደል፣ ውሰጂው» አሉኝ። አናጢው ሐዲስ ልኩን ወስዶ የጣውላ ሣጥን ሠራልኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አብርሆት «ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ጫኚው፣ ማታ እኔ ተቀብዬ ዓርብ አደርሰዋለሁ» አለች። ለኔ የሚሆን ክፍል ጠርጋ፣ አልጋ ሁሉ አስገብታለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የአርባ ሁለቱን ተማሪዎች ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እንደ ስንቅ ነው የያዝኳቸው፤ ለመንገድ የሚሆን የመጨረሻ ምስጋና ነው ብዬ። የመጀመሪያው የማሙሽ ነበር። ማሙሽ የሺሺንዳ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «ይህ ሠዓሊ በሕይወት ካለ እጁ ይባረክ» ብሎ ጀምሮልኛል። አሥራ ዘጠኝ ሰጠሁት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የሩሀማ ወረቀት ጋ ደረስኩ።

ሩሀማ የማንኪራ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ከኋላ ትቀመጣለች፤ አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ቃሉን መርጣ፣ ቀስ ብላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስታወራ የሰማኋት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«መስመር። የዛፉ ግንድ፣ የቡናው ቅርንጫፍና የጥላው መስመር ሁሉም ወደ ቀኝ ወደ ላይ ይሄዳሉ። እዚያ መንገዱ አለ። ዓይኔ ጫካው ውስጥ ትንሽ መቆየት ፈልጎ ነበር። መስመሩ ጎትቶ መንገዱ ላይ አወጣው።

ቀለም። ከፊት ያለው ቡና አበባና የበሰለ ፍሬ ባንድ ቅርንጫፍ ላይ ይዟል። ተቃርኖው ጎልቶ ይታያል። በእኛ አካባቢ አበባው የሚፈነዳው የበልግ ዝናብ ሲነካው ነው። ፍሬው የሚቀላው ክረምቱ ወጥቶ ነው። በመካከሉ ብዙ ወር አለ።

ብርሃንና ጥላ። ጥላው የግድግዳ ጥላ ይመስላል፣ ጠርዝ አለው። ጫካ ውስጥ ጥላ ጠርዝ የለውም።

ሚዛን። ሚዛኑ ልክ ነው። በግራ ዛፉ ይከብዳል፣ በቀኝ ቀፎው ያመዛዝነዋል። ቀፎው ያለው ግን ሰው ቆሞ በእጁ በሚደርስበት ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው የለም። ቀፎው የተሰቀለው ለዓይን ነው እንጂ ለንብ አይደለም።

ምን እንዳደረገኝ። ሥዕሉ ያምራል። ግን አላመንኩትም። ሠዓሊው ለመሄድ የቸኮለ ሰው ይመስለኛል።»

እርር ድብን አልኩ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። «እስቲ ይቺን ጉድ እዩልኝ! እኔን! ቀለም መቀላቀል ያስተማርኳት እኔን!» የሚሰማኝ ሰው የለም፤ ለሻንጣዬ ነው የምናገረው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኜ ስምንት ከሃያ ጻፍኩበት።

ከጻፍኩ በኋላ ግን ቁጣዬ አልበርድ አለ። ልክ መሆኗን አውቀው ነበራ! ንድፉን የሠራሁት መጋቢት ላይ ነው፤ ከባጃጅ ወርጄ፣ መንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ። ጫካው ነጭ በነጭ ነበር። ቤት ወስጄ ሳየው ነጩ ብቻውን ሞተብኝ፤ ቀይ ፈለገ። ኅዳር ላይ ሰው ደጅ ተሰጥቶ ያየሁት ቀይ ቡና ትዝ ሲለኝ «አገኘሁት!» ብዬ በአበባው መሃል ጣል ጣል አደረግኩበት። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ ብዬ። ቀፎውም ያየሁት አንጋጥጬ፣ ከዛፉ ጫፍ አካባቢ ነበር። ሸራው ውስጥ አልገባ ሲለኝ በብሩሽ አወረድኩት።

ማግስቱን ሩሀማን መምህራን ክፍል አስጠራኋት። ማንም አልነበረም። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ተቀመጪ።»

«እቆማለሁ መምህር።»

«ይኼን ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የአበባውን፣ የቀፎውን... አባትሽ ናቸው የነገሩሽ?»

«አባቴ ሥዕሉን አላየውም» አለች። ቆም ብላ ደግሞ «ቢያየው ይስቃል» አለች።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ መዳፌ ሥር ነው፤ ስምንቷን እንዳታያት። «እሺ» አልኳት፣ «እንግዲያው ሠዓሊው ማን እንደሆነ ብታውቂ ኖሮ እንዲህ ትጽፊ ነበር?»

ወለሉን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«አውቃለሁ መምህር።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«የእርስዎ ነው። ሁሉም ያውቃል።»

ክው አልኩ። «ሁሉም ማለት?» አልኳት፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«ክፍል ውስጥ ቢጠይቁ ይሻላል። እኔ ሰው ላይ መናገር አልፈልግም።»

«እያወቅሽ ነው እንግዲህ የጻፍሽው! ለምን? ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረጉኝም» አለች ደንግጣ። ከዚያ ቃሉን እየመረጠች ቀስ ብላ ነገረችኝ። «መስከረም ላይ አስተማሪ እሆናለሁ። ምናልባት እዚያው እኛ ሰፈር ነው የምመደበው። የማስተምረው በእርስዎ ቅጽ ነው፤ ሌላ አላውቅም። ይኼን ሥዕል ለልጆች ባሳይ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ አበባው ነው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ይጠይቀኛል። ያኔ ‹ተቃርኖው ልብ ይሰርቃል› ልበላቸው? እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ ብለዋል። ያየሁት ይኼን ነው።» ከዚያ ድምጿ ተቆረጠ። «ውጤቴን ከቀነሱብኝ ግን... በዚህ ኮርስ ከወደቅኩ አልመረቅም።»

አንጀቴን በላችው። ግን እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እዩልኝ፤ «ሂጂ፣ እጠራሻለሁ» ብቻ አልኳት። መዳፌን ከወረቀቱ ላይ ያነሳሁት በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሥዕሉን ከቤተ መጻሕፍት አስወርጄ ክፍል አስገባሁትና ሰሌዳው ላይ አስደገፍኩት።

«ይኼ ሥዕል የማን ነው?» አልኳቸው።

ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«የማን እንደሆነ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አልቆጣም።» አልቆጣም ስላቸው ይበልጥ ፈሩ። በኋላ አንድ እጅ ከኋላ ወጣ፤ የሩሀማ ነው። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። ማሙሽ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የሱ እጅ ብቻ ወርዶ እንዳይቀር እሱም አወጣ። መጨረሻ ላይ እጁን ያላወጣ አልነበረም።

«ማን ነገራችሁ?»

ሁሉም ማሙሽን አዩት። «ኧረ እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ!» ብሎ ተነሳና ከደብተሩ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አመጣልኝ። ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ነው፤ ፊደሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ተመራቂዎች ለተከታዮቻቸው ሲያወርሱት የኖረ ነው። ከላይ «የሥዕል ትንተና፣ መምህር ታንጉት፣ የተሞከረ መልስ» ይላል። ከሥሩ፦ «የላይብረሪው ሥዕል የራሷ ነው። ያላወቃችሁ ምሰሉ። ሚዛኑን አድንቁ። ስለ ቡናው ምንም አትበሉ፣ ተቃርኖ ብቻ በሉ። ‹ልብ ይሰርቃል› የምትለዋን እንዳትረሱ፤ ትወዳታለች።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ትወዳታለች» ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰናከለ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። የትኛውን ዓመት ነው እንግዲህ የማምነው? የመጀመሪያዎቹን ነው? የመጀመሪያዎቹም ከጀርባው ፊርማዬን አንብበው ነበር ማለት ነው።

ከመሃል አንዱ በሹክሹክታ «የመምህር ታንጉት ቡና» አለና ጎረቤቱ አፉን አፍኖ ሳቀ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምንም አይደለም መምህር።»

«ማሙሽ፣ ንገረኝ።»

ማሙሽ ራሱን አከከ። «ያው... ዶርም ውስጥ የምንላት ነገር ናት። ሁሉን ባንድ ጊዜ ልያዝ የሚል ሰው ሲያጋጥም እንደዚያ እንላለን። ለምሳሌ ይኼ ሚሊዮን ለሄርሜላም ለሌላ ልጅም ባንድ ሳምንት ደብዳቤ ጽፎ...»

«ኧረ ባክህ አንተ ልጅ!» ብሎ ሚሊዮን ከመቀመጫው ዘለለ። ሄርሜላ ደግሞ «ለማን? ለማን ጻፈ?» ብላ ዞረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃላ! ግን ቶሎ አለቀብኝና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች ፊት ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

«በሉ» አልኳቸው፣ «ወረቀቱን ትታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ከመስመር ጀምሩ።»

መጀመሪያ ፈሩ። ሩሀማ ጀመረች። ከዚያ ሚሊዮን ከሄርሜላ ዓይን ለማምለጥ ይመስለኛል «ቅጠሉ መምህር፣ ቅጠሉ ሁሉ አንድ መጠን ነው፣ አንዱን ቅጠል አይተው አርባ ጊዜ የደገሙት ነው የሚመስለው፤ ምት አይባልም ይኼ» አለ። ደካ ከሚባል አካባቢ የመጣው ልጅ፣ እስክንድር፣ ግንዱ ላይ ሽበት የሚባል የለም አለ፤ እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ትልቅ ዛፍ ጓዙን ተሸክሞ ነው የሚኖረው፣ ሙጃው፣ ሐረጉ፣ በላዩ የበቀለው ሌላ ዛፍ፤ የኔው ግን ተላጭቶ የወጣ ሙሽራ ነው። «ሸካራነቱ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሄርሜላ እርጥበቱ የለም አለች። ማሙሽ እንኳ «ሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ማንኪራ ሄጄ ሰው ሳላገኝ የተመለስኩበት ቀን የለም» አለ። የምሳ ደወል ተደወለ፤ የተነሳ የለም። ቅጹን ሳያዩ አላባውያኑን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ እየተሻሙ፣ «ቆይ እኔ ልናገር» እየተባባሉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ቃል ያመኝ ነበር፣ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ስንወጣ ማሙሽ ሥዕሉን በአንድ በኩል ይዞልኝ «ግን መምህር አይጨነቁ» አለኝ። የአዲስ አበባውን ጉዳይ ኮሌጁ በሙሉ ሰምቷል። «እዚያ ያሉት ቡናን በስኒ እንጂ በዛፉ አያውቁትም። ያልፋል። ሙሉ በሙሉ ያልፋል።»

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እውነቱንም ነው፤ እንደሚያልፍ እኔም አውቅ ነበር። ሚዛኑ ልክ ነው፣ ተቃርኖው ጎልቶ ይታያል፣ መስመሮቹ ዓይንን ይመራሉ። ዳኞቹ እንደኔ ከቡና ጫካ ርቀው ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከእንግዲህ የቀረኝ ሣጥኑን መጫን ብቻ ነበር።

ሥዕሉን ቤተ መጻሕፍት አስገብተን ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ ከሚል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርድ ይደረድራሉ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ቦንጋ ነው። ማሙሽ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

«ጋሽ ከሚል፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ምኑን?»

«የቡናውን ነገር። አበባና ፍሬው።»

«እሱን!» አሉ ሳቅ ብለው። «ገና ሲሰቀል ነዋ። ምስማሩን የመታሁት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያዩ ዝም ይሉኛል?» ጮህኩባቸው፤ አንዲት አንባቢ ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ካርዱን አስቀመጡት። «ቆይ እስቲ ታንጉትዬ። እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ አንድ ነገር ይዞልሽ ይመጣል፤ አይመጣም? ጎደለ፣ ጎመዘዘ ትይዋለሽ? አመስግነሽ ትቀበያለሽ። የሀገሩም ወግ ነው፣ የኔም አባት ያስተማረኝ ይኼንኑ ነው። አንቺም ይዘሽልን መጣሽ፣ እኛም ተቀበልን።»

«ዘጠኝ ዓመት እንግዳ ይኮናል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ ረጋ ብለው። «አንቺው ነሽ። መስከረም በጠባ ቁጥር ዝውውር፣ ዝውውር ትያለሽ። ሊሄድ የተነሳ ሰው ላይ ማን ነቀፌታ ያወጣል? የዛሬውን ወሬ ሰምቻለሁ፤ ይቺን ሩሀማን ግን ምን እንደነካት እንጃ። የኛ ሰው ልታደርግሽ ፈልጋ ይሆናል።»

ወንበር ስቤ ሥዕሉ ፊት ተቀመጥኩና በሩን እስኪዘጉ አየሁት። የሚያሳዝነው፣ ያምራል። እጄ ጎበዝ ነው፤ ያኔም ጎበዝ ነበር። ከመንገዱ ዳር ተነስቼ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ብገባ ኖሮ ምን ልሥል እንደምችል ሳስብ ቅጥል አልኩ። በሩሀማ ላይ አልነበረም የተናደድኩት።

ወረቀቷን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስምንቷን ሰረዝኩና ሃያ ከሃያ ጻፍኩ። ሃያ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የቀሩት አርባ አንድ ወረቀቶች ላይ «እንደገና» ብዬ ጻፍኩ፤ የማሙሽ ላይ በትልቁ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሥዕሉን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ መናኸሪያ አወረድኩት። አዎ፣ ወሰድኩት፤ ጀግና እንዳልመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ «ዕድልሽን በገዛ እጅሽ?» ስል ነው ያደርኩት። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል፣ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ጫኙ ሣጥኑን በአንድ በኩል ከፍ አድርጎ «ይጫን?» አለኝ።

እዚያ ሲሰቀል ታየኝ። ጥሩ ግድግዳ ላይ፣ ጥሩ ብርሃን ሥር፣ ስሜ ከሥሩ ተጽፎ። ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔም እየተመሰገንኩ እኖራለሁ፤ ከካፋ የመጣች አንዲት ተማሪ በዚያ በኩል በተራመደች ቁጥር ግን እደነግጣለሁ።

«እትዬ፣ ይጫን ወይስ አይጫን? መሄዳችን ነው!»

«አይጫን» አልኩት።

«ምን?»

«አይሄድም! ተወው አልኩህ እኮ!» ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምን አደረገኝ? ሣጥኑን አስቀምጦልኝ ወጣ። አውቶቡሱ የጅማን መንገድ ይዞ ሲሄድ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይኼንንም አልደብቅም።

እንባዬን ሳልጠርግ ስልኬ ጮኸ። አብርሆት ናት።

«ታንጉት! ጫንሽው? ስንት ሰዓት ይገባል? እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ልወጣ አስፈቅጃለሁ።»

«አልጫንኩትም።»

«አመለጠሽ? ወይኔ! በሌላ መኪና...»

«አላመለጠኝም። አልልከውም። ሥዕሉ ልክ አይደለም።»

ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ እህቴ ስትናደድ ነው የምትረጋው። «እሺ፣ ሌላ አለሽ? ዛሬ ልትልኪው የምትችዪ ሌላ ሥዕል?»

«የለኝም።»

«አንድም?»

«አንድም የለኝም። ከሱ በኋላ አልሣልኩም።»

«አንቺ ልጅ» አለች፣ አሁን ድምጿ ከፍ አለ፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ሥራ በዛብኝ፣ ቀለም አይገኝም፣ ዝናቡ፣ ተማሪው፤ ሁሉም አፌ ላይ ነበር።

«ስመሰገን» አልኳት።